መጽሐፉን አንብበኸዋል ወይ? ስለ ተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ልብ ወለዶች ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ መጽሐፍ በምናነብ ሰዎች መካከል አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን የሚተርኩ ልብ ወለዶች ለምን መነበብ እንደሌለባቸው የሚያስረዳ ነው። ጸሐፊው የከተማችን ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም። ጠብ የለንም፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ስንገናኝ ሻይ እንገባበዛለን። ጽሑፉን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ላላነበበው ሐሳቡን ባጭሩ ልንገር። አንደኛ፣ እነዚህ መጻሕፍት የአልጋ ታሪክ ብቻ ናቸው ይላል። ሁለተኛ፣ የነጭ ጉዳይ ናቸው፣ አፍሪካዊ የለበትም። ሦስተኛ፣ ሁሉም በሞት ስለሚያልቁ ደራሲዎቹ ራሳቸው ፈርደውበታል። አራተኛ፣ ሽልማት የሚያገኙት በፖለቲካ ነው እንጂ በብዕር አይደለም። አምስተኛ፣ ያነበበ ይበላሻል፣ የአገራችን ሕግም ይከለክላል። በምሳሌነት የጠቀሰው ደግሞ የአሜሪካውያኑን የጄምስ ባልድዊንን «የጆቫኒ ክፍል» እና የአሊስ ዎከርን «ዘ ከለር ፐርፕል» ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ ግልጽ ይሁን። እኔ የማወራው ስለ ልብ ወለድ ነው። የማንንም እምነት ልነካ አልተነሳሁም። ሃይማኖትህ ይህን ፍቅር ኃጢአት ነው ካለህ፣ እዚያ ላይ አልከራከርህም። «መጻሕፍቱ አይረቡም» ስትል ግን የመጣኸው እኔ ሰፈር ነው።

እንግዲህ ከራስህ ምሳሌዎች ልጀምር፣ ምክንያቱም ሁለቱንም ስተሃቸዋል።

«የጆቫኒ ክፍል» ባልድዊን ፓሪስ ስለሚኖር ጥቁር ወጣት፣ ያው ስለ ራሱ፣ የጻፈው ነው ትላለህ። ኧረ ወንድሜ! የመጀመሪያውን ገጽ የገለጠ ሰው ይህን አይጽፍም። ተራኪው ዴቪድ ይባላል። ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ትልቅ ቤት ተከራይቶ፣ እየመሸ ሳለ መጠጡን ይዞ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ውጭው ሲጨልም መስታወቱ የራሱን ምስል ያሳየዋል። ረጅም፣ ወርቃማ ጸጉር ያለው ነጭ አሜሪካዊ ነው። አያቶቹ አንድ ሙሉ አህጉር በጉልበት የያዙ ሰዎች እንደነበሩ እዚያው ያስታውሳል። መጽሐፉ ውስጥ ጥቁር ዋና ገጸ ባሕርይ የለም። ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ባልድዊን በ1953 (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ስለ ኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር ስለ ሃርለም ጻፈና ተወደደ። ሁሉም ሰው ሌላ የሃርለም ታሪክ ሲጠብቅ እሱ ይህን ይዞ መጣ። ክኖፍ የተባለው አሳታሚ አልቀበልም አለው። በመጨረሻ በ1956 ዳያል ፕሬስ አሳተመው። ጥቁር ደራሲ ስለ ጥቁር ብቻ መጻፍ አለበት የሚለውን አጥር የዘለለበት መጽሐፍ ነው፤ አንተ ደግሞ መልሰህ አጥሩ ውስጥ ከተትከው።

«ዘ ከለር ፐርፕል» ላይ የጻፍከው ይብሳል። የሴቶቹን ፍቅር ሆሊውድ ለገበያ ብሎ የጨመረው ነው አልክ። ተገላቢጦሹ ነው! መጽሐፉ በ1982 ሲወጣ የሴሊ እና የሹግ ፍቅር የታሪኩ ምሰሶ ነበር። ሴሊ ከልጅነቷ ጀምሮ የተደበደበች፣ የተደፈረች፣ አስቀያሚ ነሽ እየተባለች ያደገች ሴት ናት። የሚሰማት ሰው ስለሌላት ደብዳቤዋን የምትጽፈው ለእግዚአብሔር ነው። ሰውነቷ የራሷ መሆኑን ያወቀችው፣ መሳቅ የለመደችው፣ ሱሪ ሰፍታ በገዛ እጇ እስከ መኖር የደረሰችው ዘፋኟ ሹግ ሕይወቷ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው። በ1985 ስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም ሲያደርገው ይህን ሁሉ ወደ አንድ ዓይን አፋር መሳም አሳነሰው፤ እንዳለሳለሰው ኋላ ላይ ራሱ ተናግሯል። ፊልሙን አይተህ መጽሐፉን ገመትክ፣ ግምትህም በተቃራኒው ወጣ።

አሁን ወደ ነጥቦችህ።

የአልጋ ታሪክ ብቻ ናቸው ላልከው፣ እዚያው «የጆቫኒ ክፍል» ላይ ልቆይ። ባልድዊን በዝርዝር የሚጽፈው አልጋውን ሳይሆን ክፍሉን ነው። ከፓሪስ ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። መንገደኛ እንዳያያቸው ጆቫኒ የመስኮቱን መስታወት በነጭ መወልወያ ቀብቶታል። ግድግዳው ውስጥ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሊሠራ አስቦ መፈልፈል ጀምሯል፣ ጡቡ ላይም ደርሷል። ወለሉ ላይ አቧራና ፍርስራሽ ነው። ጆቫኒ ያንን ክፍል ቤት ሊያደርገው ይታገላል፤ ዴቪድ ደግሞ መውጫውን ያሰላል፣ እጮኛው ሄላ ከስፔን ስትመለስ ምን እንደሚሆን ያስባል። ፍቅር ያለበት ግን የማይኖርበት ክፍል እንዲህ ሲሳል ሌላ ቦታ አላነበብኩም። የወሲብ ትዕይንት ፈልጎ የገባ ሰው ተናዶ ይወጣል።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ኢስማት ቹግታይ የምትባል፣ በኡርዱ ቋንቋ የምትጽፍ ሕንዳዊት ደራሲ በ1942 «ሊሃፍ» የተባለ አጭር ልብ ወለድ አወጣች። ሊሃፍ ብርድ ልብስ ማለት ነው። የምትተርከው በልጅነቷ ያየችውን የምታስታውስ ሴት ናት። ሀብታም ባል አግብታ የተረሳች እመቤትና አገልጋይዋ አሉ። ልጅቷ ሌሊት ስትነቃ የብርድ ልብሱ ጥላ ግድግዳው ላይ እንደ ዝሆን ሲወዛወዝ ታያለች፣ ትፈራለች፣ ምን እንደሆነ አታውቅም። በቃ፣ ይኸው ነው። ደራሲዋ ላሆር ድረስ ተጠርታ ጸያፍ ጽሑፍ ጽፈሻል ተብላ ተከሰሰች። ፍርድ ቤት ውስጥ «ጸያፉ ቃል የቱ ነው?» ሲባል ምስክሮቹ አንድ ቃል ማውጣት ተሳናቸው፣ እሷም በነፃ ወጣች። አንተም እስቲ ቃሉን አውጣልኝ።

በ1928 እንግሊዝ ውስጥ የተከሰሰው የራድክሊፍ ሆል «የብቸኝነት ጉድጓድ»ም እንዲሁ ነው። ያ ሁሉ ጫጫታ የተነሳበት መጽሐፍ ውስጥ እጅግ ግልጽ የሚባለው ዓረፍተ ነገር «በዚያች ሌሊት አልተለያዩም» ከማለት አያልፍም። ጄምስ ዳግላስ የሚባል የጋዜጣ አዘጋጅ ግን ይህን መጽሐፍ ለጤነኛ ወንድ ወይም ሴት ልጅ ከምሰጥ መርዝ ብሰጥ እመርጣለሁ ብሎ ጻፈ። ጽሑፍህ ውስጥ «መርዝ» የሚለውን ቃል ሳይ እሱ ነው ትዝ ያለኝ። ዳኛው መጽሐፉ እንዲወድም ወሰነ። ውጤቱ ምን ሆነ? ፓሪስ ውስጥ መሸጡን ቀጠለ፣ በ1949 እዚያው እንግሊዝ እንደገና ታተመ፣ ዛሬም አለ። እውነቱን ለመናገር ግን መጽሐፉ አሰልቺ ነው። ልቅሶው ይበዛል፣ ይረዝማል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዎልፍ እንኳ ፍርድ ቤት ቀርባ ልትመሰክርለት ተዘጋጅታ ሳለ መጽሐፉን አልወደደችውም። እኔም ለማንም ጀማሪ አልመክረውም። አየህ፣ ሁሉንም አንድ ላይ አላሞግስም።

ደግሞ አልጋ አልጋ ስትል፣ ከኛው ደራሲ ከስብሐት ገብረእግዚአብሔር ጋር ምን አለህ? «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ውቤ በረሃ ድረስ እየተከተልክ ስታሞግስ በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። ስብሐት ሲጽፈው ጥበብ፣ ባልድዊን ሲጽፈው ብልግና ነው? ያውም ባልድዊን ግማሹን ያህል እንኳ ሳይገልጥ።

የነጭ ጉዳይ ነው ያልከው ነጥብ በጣም ነው የገረመኝ። ባልድዊን ጥቁር፣ ዎከር ጥቁር። የራስህ ሁለት ምሳሌዎች ናቸው የሚቃወሙህ።

አፍሪካውያን ደግሞ ሞልተዋል። ናይጄሪያዊው ጁድ ዲቢያ በ2005 «ከጥላዎች ጋር መራመድ» የሚል ልብ ወለድ ጽፏል። ደቡብ አፍሪካዊው ሴሎ ዱይከር በ2001 የኬፕታውንን ጎዳናና ጨለማ የሚያሳይ ወፍራም መጽሐፍ አውጥቷል። ሞሮኳዊው አብደላ ታያ አለ። ድሪዬ ኦስማን የሚባል ሶማሌ፣ ናይሮቢ ያደገ፣ ለንደን የሚኖር፣ በ2013 አጫጭር ታሪኮቹን ያሳተመ አለ፤ ከጎረቤታችን የመጣ ማለት ነው። ቢንያቫንጋ ዋይናይና የተባለው ኬንያዊ በጥር 2014 «እማዬ፣ እኔ ግብረ ሰዶማዊ ነኝ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ልብ ወለድ አይደለም፣ የግል ትረካ ነው፣ ግን ከብዙ ልብ ወለድ የበለጠ ገብቶኛል። እናቱ ልትሞት ስትል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ሲነግራት ያስባል። ከዚያ ዞር ይልና በእውነቱ እንዳልደረሰባት ይነግረናል። እናቱ ሳትሰማ ሞተች። በሩቅ አገር ሆኖ የወላጅ መርዶ የደረሰው ሐበሻ ይህን ጽሑፍ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ሁለቱን ግን በደንብ ላሳይህ። አንደኛው ኡጋንዳዊቷ ሞኒካ አራክ ደ ኜኮ የጻፈችው «የጃምቡላ ዛፍ» ነው። በ2007 ለአፍሪካ አጫጭር ታሪኮች የሚሰጠውን የኬን ሽልማት አግኝቷል። አጭር ታሪክ ነው፣ አሞራ ገደል ተቀምጠህ ያዘዝከው ዓሣ እስኪመጣ ታነበዋለህ። አኛንጎ የምትባል ነርስ ለልጅነት ጓደኛዋ ለሳንዩ ነው የምትናገረው። ካምፓላ ውስጥ አንድ ሰፈር ያደጉ ናቸው። አንድ ምሽት ከዛፉ ሥር ታዩ። ያየቻቸው ደግሞ ማማ አቲም ናት፣ የሰፈሩ ወሬ ማከፋፈያ። ሳንዩ ወደ ለንደን ተላከች፣ አኛንጎ እዚያው ቀረች። አሁን ሳንዩ ልትመጣ ነው የሚል ወሬ ተሰምቷል። ታሪኩ የሁለት ልጆች ፍቅር ብቻ አይደለም። እናቶች፣ ድህነት፣ ቆሻሻ መንገድ፣ የሰው አፍ፣ ሁሉም አለ። ማማ አቲምን እኔ አውቃታለሁ። አቶቴ አለች፣ ታቦር ሥር አለች፣ በየሰፈሩ ቡና ላይ አለች። ይህን የነጭ ጉዳይ የሚለው ሰው ሰፈር ውስጥ አልኖረም። ኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ «ራፊኪ» የሚል ፊልም የሠራችው ከዚህች አጭር ታሪክ ተነስታ ነው። በ2018 ካን ፌስቲቫል ላይ ታየ፣ አገሯ ላይ ግን ታገደ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ለሰባት ቀን ብቻ እንዲታይ ፈቀደ።

ሁለተኛው የቺኔሎ ኦክፓራንታ «ከኡዳላ ዛፎች ሥር» ነው፣ በ2015 የወጣ። ናይጄሪያ ውስጥ በተካሄደው የቢያፍራ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ይጀምራል። ኢጄኦማ አባቷን በአየር ድብደባ ታጣለች። እናቷ በሐዘንና በችግር ተወጥራ ሰው ዘንድ ታስጠጋታለች። እዚያ አሚናን ታገኛለች። ኢጄኦማ ኢግቦ ናት፣ አሚና ሐውሳ፤ በጦርነቱ ወቅት የሁለቱ ብሔር ሰዎች የሚፈላለጉት ለመጋደል ነው። ደራሲዋ ሁለት የተከለከሉ ነገሮችን በአንድ ፍቅር ውስጥ አስገባች። እኛ ይህን አንረዳም? በዚህ በኛ ዘመን፣ የማን ብሔር ልጅ እንደሆነች ተጠይቆ ስንት ጋብቻ ሲፈርስ እያየን?

ሲታወቅባቸው እናትየው ልጇን ትወስድና ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ዘርግታ ታስተምራታለች። ከዘፍጥረት ትጀምራለች። በየቀኑ ጥቅስ ታነብላታለች፣ ልጅቷ ደግሞ ትጠይቃለች። እናት ትቆጣለች፣ መልሳ ታነባለች፣ ልጅ መልሳ ትጠይቃለች። ደራሲዋ እናትየውን ጭራቅ አላደረገቻትም። ልጇን የምትወድ፣ የምትፈራላት፣ የምታውቀውን አንድ መድኃኒት ደጋግማ የምትሰጥ እናት ናት። ከሃይማኖተኛ ቤት የወጣ ሁሉ ይህችን እናት ያውቃታል። መጨረሻ ላይ እናትየው የምትለውን አልነግርህም፣ ራስህ ድረስበት።

ሦስተኛው ነጥብህ ላይ ደግሞ ልቆይበት ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ተቀብሎታል። መጨረሻቸው ሞት ስለሆነ ደራሲዎቹ ራሳቸው ፈርደውበታል ነው የምትለው።

እስቲ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እናንሳ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያወጡት (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው)፣ የፍቅር ልብ ወለዶቻችን አውራ። መጨረሻው ምንድነው? በዛብህ ሞተ፣ ሰብለ መነኮሰች፣ ያገናኛቸው መቃብር ነው። ታዲያ ሐዲስ የድሃ ልጅ የባላባት ልጅ መውደድ የለበትም ብለው ፈረዱ ማለት ነው? እንደዚያ ያለ አንድ አንባቢ አላጋጠመኝም። ሁላችንም የፈረድነው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ነው። ጉዱ ካሳ ሥርዓቱን ሲሰድብ አብረነው ሰድበናል። ሞቱ የደራሲው ፍርድ ሳይሆን የደራሲው ክስ ነበር። ጆቫኒ በጊሎቲን አንገቱ ሲቆረጥ ግን ድንገት የንባብ ስልትህን ቀየርክ። ዴቪድን ተመልከተው እንጂ። ያንን ሰው እዚያ ያደረሰው ፍቅሩ ነው ወይስ የዴቪድ ፈሪነት? ባልድዊን የፈረደው በማን ላይ እንደሆነ ስለ ጽሑፍ አነባበብ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያየዋል።

ከዚያ ደግሞ «ሁሉም» ያልከው ስህተት ነው። እንግሊዛዊው ኢ.ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ»ን የጻፈው በ1913 እና 1914 ነው። ፍቅረኞቹ በሕይወት ይኖራሉ፣ አብረውም ይሄዳሉ። ፎርስተር ኋላ ላይ ባስቀመጠው ማስታወሻ መጨረሻው በደስታ እንዲሆን ግድ ነበር ይላል። አንዱን ወጣት ገመድ ላይ ቢያንጠለጥለው ኖሮ ማሳተም ይቀልለት እንደነበርም አይደብቅም። ችግሩ ደስታው ነበር! እንግሊዝ ውስጥ ይህን ፍቅር ወንጀል የሚያደርገው ሕግ የተሻሻለው በ1967 ነው። ፎርስተር በ1970 ሞተ፣ መጽሐፉ በ1971 ወጣ። ከሃምሳ ዓመት በላይ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። መጀመሪያው ላይ «ይበልጥ ደስተኛ ለሆነ ዓመት» ብሎ ነው ያበረከተው።

አሜሪካ ውስጥ ያለው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። በ1950ዎቹ ርካሽ የኪስ መጻሕፍት ነበሩ። ማሪጄን ሚከር የምትባል ጸሐፊ በ1952 በብዕር ስም ስለ ሁለት ኮሌጅ ሴቶች ስትጽፍ፣ አዘጋጇ መጨረሻው ደስተኛ ሊሆን አይችልም አላት። ምክንያቱ የሥነ ምግባር ስብከት አልነበረም። ፖስታ ቤት መጽሐፉን ጸያፍ ነው ብሎ ይይዘዋል የሚል ስጋት ነበር። ያንተ «ደራሲዎቹ ራሳቸው ፈረዱ» እንግዲህ ይህ ነው። የፖስታ ቤት ደንብ ያዘዘውን ሞት የደራሲ ኅሊና አድርገህ አነበብከው።

በዚያው በ1952 ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ «የጨው ዋጋ»ን በክሌር ሞርጋን ስም አወጣች። አነሳሱ ራሱ ታሪክ ነው። በ1948 ገና ሰሞን ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ትልቅ መደብር አሻንጉሊት ስትሸጥ የፀጉር ካፖርት የለበሰች ወርቃማ ጸጉር ያላት ሴት መጣች፣ ገዛች፣ ሄደች። ሃይስሚዝ ያን ማታ ቤቷ ገብታ የታሪኩን መስመር ጻፈችው። ልብ ወለዱ ውስጥ ሻጯ ቴሬዝ ናት፣ ገዢዋ ካሮል። ካሮል እየተፋታች ነው፣ ሴት ልጅ አለቻት። ባልየው የቀጠረው ሰላይ ተከትሏቸው የሆቴል ክፍላቸው ውስጥ ድምፅ መቅጃ ያስቀምጣል። ካሮል ልጇን ወይም ቴሬዝን መምረጥ አለባት። እዚህ ላይ ነው ልቤ የቆመው። ማንም አልሞተም፣ ማንም ራሱን አላጠፋም፣ ግን የተከፈለው ዋጋ ከሞት አያንስም። መጨረሻው ተስፋ አለው። የኪስ እትሙ ደራሲዋ እንዳለችው ወደ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል። በራሷ ስም፣ «ካሮል» ተብሎ የወጣው ግን ብዙ ቆይቶ በ1990 ነው። 

እነዚህን መጻሕፍት ለምን እንደምወዳቸው ልንገርህ። የፍቅር ታሪክ እንቅፋት ይፈልጋል። የዛሬ የፍቅር ልብ ወለዶቻችንን ተመልከት፤ እንቅፋቱ ያልተነሳ ስልክ ነው፣ በስህተት የታየ ቴክስት ነው፣ ወይ ከአሜሪካ የመጣ ሀብታም ነው። ሁለቱ ሰዎች አሥር ደቂቃ ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ መጽሐፉ ያልቅ ነበር። እነዚህኞቹ ውስጥ ግን እንቅፋቱ እውነተኛ ነው። ሕግ ነው፣ እናት ነው፣ ልጅን መነጠቅ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ራሱ አፍቃሪው ውስጥ ያለው ነው። ዴቪድ ጆቫኒን ከማንም በላይ ይወደዋል፣ ከማንም በላይ የሚሸሸውም እሱን ነው። የእንቅፋቱ ነገር ከበዛብህና ከሰብለ ወዲህ ጠፍቶብን ነበር፤ እኔ ያገኘሁት እዚህ ነው።

ስለ ሽልማት ብዙ አልልም። የሽልማት ተለጣፊ አይቶ መጽሐፍ መግዛት እኔም አልወድም፣ ሽልማት በዘመን ነፋስ እንደሚነካም አውቃለሁ። ግን ታሪኩን አገላብጠኸዋል። ዎከር በ1983 የአሜሪካውን የፑሊትዘር ሽልማት አግኝታለች፣ አላን ሆሊንግኸርስት በ2004 የእንግሊዙን የቡከር ሽልማት ወስዷል፣ በርናርዲን ኤቫሪስቶም በ2019 ተጋርታዋለች። እነዚህ የቅርብ ናቸው። ከዚያ በፊት የነበረው ዕጣ ግን ምን ነበር? ክስ፣ መቃጠል፣ የብዕር ስም፣ መሳቢያ። ባልድዊን በ«የጆቫኒ ክፍል» አሳታሚ ተከለከለ እንጂ ሽልማት አልተሰጠውም። ፖለቲካ ካለ ለብዙ ዘመን የሠራው ተቃራኒውን ነው። እነዚህ መጻሕፍት ጥሩ ባይሆኑ ኖሮ ያን ሁሉ አልፈው እኔና አንተ ጋ አይደርሱም ነበር።

ያነበበ ይበላሻል ላልከው፣ «ኦሮማይ»ን ያነበበ ሁሉ ሰላይ ቢሆን ኖሮ የዚህ አገር ደህንነት መሥሪያ ቤት ቅጥር ባላወጣ ነበር። አንባቢን እንደዚህ አትናቀው። እኔ ስለ ሌባ፣ ስለ ነፍሰ ገዳይ፣ ስለ ንጉሥ፣ ስለ ሴተኛ አዳሪ አንብቤያለሁ፤ ከዚያ ሁሉ የተረፈኝ የሌላውን ሰው ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ማየት ነው።

ሕጉ ከለከለ ያልከው ግን መስተካከል አለበት፣ ምክንያቱም ሰው ታስፈራራበታለህ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 አለ፣ አልክድህም፣ ቅጣቱም ቀላል እስራት ነው። የሚናገረው ግን ስለ ድርጊት ነው። ስለ ንባብ አንድም ቃል የለበትም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ደግሞ ማንኛውም ሰው ሐሳብን የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነት እንዳለው ይላል፤ በቃል፣ በጽሑፍ፣ በኅትመት፣ በሥነ ጥበብ መልክ ብሎ ይዘረዝራል። «ልብ ወለድ አንብበህ ትታሰራለህ» ብለህ ያስፈራራኸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጅ መጽሐፉን ስልኩ ላይ አጥፍቶታል። ሰው ወዶ ያላነበበው ነገር አንድ ነው፣ ፈርቶ ያጠፋው ሌላ።

ካነበብክ በኋላ «አልወደድኩትም» ብትል ደስ ይለኛል፣ እንከራከራለን። የት ልጀምር ካልከኝ «የጃምቡላ ዛፍ»ን ነው የምልህ፣ አጭር ስለሆነ። ከዚያ «ከኡዳላ ዛፎች ሥር»፣ እንግሊዝኛው ቀላል ነው። «የጆቫኒ ክፍል»ን ሦስተኛ አድርገው፤ ቀጭን ነው፣ ቋንቋው ግን ረጋ ብሎ መነበብ ይፈልጋል። «ዘ ከለር ፐርፕል» በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁር ገበሬዎች አነጋገር ስለተጻፈ መጀመሪያው ላይ ያደናቅፍሃል፣ ድምፅህን አውጥተህ ብታነበው ይቀልልሃል። «ካሮል»ን ከፊልሙ በፊት አንብበው፣ አደራ።

«ሞሪስ»ን መጨረሻ ላይ አድርገው። እሱ ላይ ምናልባት ከእኔ ጋር ትስማማ ይሆናል፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ የመጨረሻው ምዕራፍ አላሳመነኝም። በሀብት ያደገ የአክሲዮን ደላላ ሥራውን፣ ቤቱን፣ እናቱን ጥሎ ከአደን ጠባቂው ጋር ጫካ ገባ ይለናል። ምን በልተው፣ የት አድረው፣ ክረምቱን እንዴት እንዳለፉት አይነግረንም። ፎርስተር ደስታውን በጣም ስለፈለገው የቸኮለ ይመስለኛል። አንተ ምን ትላለህ?